«ገና ነው» ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ከነሥሩ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። አባ ብልጥ ናቸው፤ ሁልጊዜ «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላማ ሐሜት ነው አባ» ብዬ አመልጣለሁ። ዛሬ «ሌላስ?» የምትሉኝ እናንተ ናችሁ፤ አላመልጥም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ እወቁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አንድ ቀን ነው፣ እሱም አንቴና ልሰቅል። ሶፍትዌር ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። የዛሬ ልጆች ኮዱን ለኤአይ ያስጽፉታል፤ ያኔ ኤአይ የለም፣ ኤአዩ እኔ ነበርኩ። ሌላው ዓመት የሚፈጅበትን የመጋዘን ፕሮግራም እኔ በወር ከምናምን አደርሰዋለሁ። ከደምበጫ እስከ ቡሬ «ፈጣኑ» ይሉኝ ነበር። እርግጥ ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ቡሬ ላይ አያ በላይነህ የሚባሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። በቆሎና በርበሬ የሚያከማቹበት ሰፊ መጋዘን አላቸው። የሚገባውና የሚወጣው የሚመዘገበው በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ስትነሳ እንደ ወፍጮ ታጓራለች፣ ፕሮግራሟን የሠራው ሰውም ከአገር ከወጣ ቆይቷል። ጠባይዋን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ይርገዱ። ባሏ የሞተባት፣ ትንሽ ልጅ የምታሳድግ፣ የማንኩሳ መሪጌታ ልጅ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ያቺ ማሽን ከይርገዱ እጅ በቀር ለማንም አትነሳም።

አዲስ ልሥራልዎ አልኳቸው አያ በላይነህን።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አሉኝ እየሳቁ።

«አያ፣ ይቺ ማሽን እኮ አርጅታለች። አንድ ቀን ትሞትብዎታለች።»

«እኔስ አላረጀሁ? ይርገዱ ባለችበት አንዲት ጆንያ ጠፍታብኝ አታውቅም።»

ምን ላድርግ? ሥራውን እንደያዝኩ አድርጌ ቡሬን በወሬ ሞልቻታለሁ። እሳቸው እሺ ካሉ ሌሎቹ ነጋዴዎች ይከተላሉ፤ እምቢ ካሉ ተመልሼ ሬዲዮዬን እጠግናለሁ። እና ምን አልኩ?

«አያ፣ ማሽኑን ከይርገዱ ሌላ የሚከፍተው ሰው አለ?»

«የለም። ምነው?»

«ኧረ እንዲያው ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰረቀች አላልኩም። ይጠርጥሯት አላልኩም። ላፕቶፔን ከደን አድርጌ ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ። በእኛ አገር «እንዲያው ነው» ተብሎ ዝም የተባለበት ነገር ከስድብ እንደሚከፋ አላውቅም ነበር? ጎጃም ተወልጄ እንዴት አላውቅም! አውቄ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አውቄ ነው ያልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ደወሉልኝ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» አሉኝና ሥራውን ሰጡኝ። እኔም በቆሎው ሳይገባ አደርሰዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ያ መጋዘን ሌላ ቤት ሆነ። አያ በላይነህ ወንበራቸውን አምጥተው ከይርገዱ ጀርባ መቀመጥ ጀመሩ። ጫኝ አውራጆቹ ስትገባ ዝም፣ ስትወጣ ሹክሹክ። አዲስ ነጠላ ስትለብስ «ከየት አምጥታ?»፤ አሮጌውን ስትለብስ «ለማስመሰል ነው!»። ቶሎ ስትገባ «ምን ልትደብቅ?»፤ ስታረፍድ «የት ውላ?»። እኔም መሐል ቁጭ ብዬ ኮዴን እጽፋለሁ፣ እቀልዳለሁ። እሷ ማሽኑን እንዴት እንደምታስነሳው ሳትሰስት አሳየችኝ። እንጀራዋን ልወስድ የመጣሁትን ሰውዬ!

የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ስገለብጥ፣ መጋዘኑ ውስጥ ካለው እህል ጋር ማስተያየት ነበረብኝ። ከጫኝ አውራጆቹ ጋር አስቆጠርኩ። ከዚያ ብቻዬን ከማሽኑ ጋር አስተያየሁ። ልክ ነው። ደግሜ አየሁ። አሁንም ልክ ነው። አንዲት ጆንያ አልጎደለችም። ደስ ይለኛል ብላችሁ ጠበቃችሁ? ደነገጥኩ እንጂ! ይህን ብናገር ሰውዬው «ታዲያ የድሮው ምን ሆነና ነው አንተን ያመጣሁ?» አይሉኝም? ሥራዬ የቆመው በጥርጣሬ ላይ ነው። ጥርጣሬው ከተነሳ እኔም እነሳለሁ። ዝም አልኩ።

በዚያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አያ በላይነህ ሽማግሌ ሰብስበው ይርገዱን ማይ አሏት። እኔንም «ባለሙያው ይኑር» ብለው ጠርተውኛል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለስለስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ማይና ነገሩ ከላይሽ ይነሳ» አሏት።

«አልምልም» አለች። «አባቴ በእግዜር ስም መማልን አላስተማረኝም። ጎደለ ካላችሁ የጎደለውን አሳዩኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ቆጥረህ የለ? በል ንገራቸው ወንድምዓለም።»

ወንድምዓለም አለችኝ።

«ገና ነው» አልኩ። «አልጨረስኩም።»

እኔ ነኝ ያልኩት! በፍጥነቴ አገር ያስቸገርኩት ሰውዬ! በሕይወቴ ሥራ አልጨረስኩም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ጨርሼ። ይህ አልበቃ ብሎኝ «ኮምፒውተር እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ምስጢሩን ቀስ እያለ ነው የሚያወጣው» ብዬ ቀለድኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይርገዱ ነጠላዋን አስተካክላ የመጋዘኑን ቁልፍ አያ በላይነህ እግር ሥር አስቀመጠችና ሄደች። አለመማሏ ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

ሥራውን በቆሎው ሳይገባ አስረከብኩ። እንደፎከርኩት ሌሎቹም ነጋዴዎች ተከታትለው መጡ። አንድ ቀን አያ በላይነህ «ለመሆኑ ምን ያህል ጎድሎ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ይኸው በር ተከፈተልኝ አይደል? አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን «የድሮውን ይተዉት አያ፣ የሰው ስም አናንሳ» አልኳቸው። ለእሷ ያዘንኩ መስዬ! «ጨዋ ነህ፣ ይባርክህ» አሉኝ። መርቀውኝ፣ እሷን እንደጠረጠሩ ከዚህ ዓለም አረፉ። ከሁሉ የሚከፋው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ይኸኛው ነው እላለሁ።

ይርገዱ ማንኩሳ ገብታ ልጇን በጉልበቷ አሳደገች። ልጅቱ ደረሰች። በቅርቡ ልጅቱን ለጋብቻ ሊጠይቁ ያሰቡ የደምበጫ ሽማግሎች፣ ወደ ማንኩሳ ከመሄዳቸው በፊት ሱቄ ድረስ መጡ። «ማሽኑን ያየኸው አንተ ነህ። እናቲቱ ወስዳለች ወይስ አልወሰደችም?» አሉኝ።

«ንጹህ ናት» አልኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ! «አንተ ደግሞ መቼ ነው ቁምነገር የምታወራ!» አለ አንደኛው። በእግዜር ነው የምላችሁ ስል ሌላኛው ዐይኑን አጥብቦ አየኝ። «ማን ልኮህ ነው? እናቲቱ ናት?» አለ። ቡናቸውን እንኳ ሳይጠጡ ተነሱ። ሽምግልናውም በዚያው ቀረ። እህቶቼ ወንድሞቼ፣ እኔ አንዲት ሴት ላይ የዘራሁት ጥርጣሬ በልጇ ላይ አፈራ፤ ላጭደው ብል ማጭዴን የሚያምነው ጠፋ።

ማንኩሳ ሄጄ ይርገዱ እግር ላይ ልውደቅ ይሆን? እወድቃለሁ። ይቅር ትለኝ ይሆናል፣ የመሪጌታ ልጅ ናት። ግን የእሷ ይቅርታ ስሟን ደምበጫ ላይ ያነሳዋል? አያነሳውም። ስለዚህ ልጅ ነበርኩ አልልም፣ ጢም አብቅዬ ነበር። ቸግሮኝ ነው አልልም፣ እንጀራ ነበረኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ያን ቀን ሰይጣን ራሱ ከእኔ ሊማር ነው የመጣ።

የደምበጫ ሽማግሎች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። አፌን አላመናችሁትም፣ አልፈርድባችሁም። እኔን እንደ ልባችሁ ጠርጥሩኝ፣ የእጄን ነው። እህሉ ግን ልክ ነበር፤ እኔው ቆጥሬዋለሁ። ወደ ማንኩሳ ሂዱ። በይርገዱ ደጅ ቆማችሁ ልጅቱን እንደ ወጉ ጠይቁ።