የአሻንጉሊቷ ዓይንና የእማማ ውዴ ጣት

ልጅ ሳለሁ ገንዳ ውሃ በምትባለው የቆላ ከተማችን ፀሐይ ብትጠልቅም የሚቀዘቅዝ ነገር አልነበረም። የቆርቆሮው በር፣ የውሃው ጀሪካን፣ የተቀመጥንበት ድንጋይ፣ ሁሉም የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ማንም ቤት ውስጥ አይቀመጥም ነበር፤ አንገረብ የምንላቸውን የገመድ አልጋዎች ግቢ አውጥተን እንደረድርና እናቴ የሰሊጥ አገዳና እርጥብ የኒም ቅጠል በተሰበረ ገል ላይ አድርጋ ለትንኝ ታጨስልን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለዋል፤ ትንኞቹ ግን ደንታም አልነበራቸው። ቢሆንም ጭስ ከሌለ ተረት የለም፤ ምክንያቱም እማማ ውዴ ማን የት እንደተቀመጠ የሚያውቁት በየሳላችን ነበር።

እማማ ውዴ የእናቴ አክስት ናቸው። በወጣትነታቸው ከደጋ፣ ከዳባት ወገን፣ ከባላቸው ጋር ቆላ ሊያርሱ ወረዱ። ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ወባ ጨረሰባቸው፤ ዓይናቸውን ደግሞ ማዝ የሚሉት የዓይን በሽታ ወሰደባቸውና እኛ ዘንድ ተጠጉ። «ተጠጉ» የምትለው እናቴ ናት። ማታ ማታ ፋኖሱ ከተሰቀለ በኋላ ማን ማንን እንደሚጠጋ ላየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

ሲጀምሩ «ዓይናችሁ ይተኛ፣ ጆሯችሁ ይንቃ» ይሉናል። እኛም «ነቅቷል!» እንላለን። ያኔ በጣም የምንወደው የጥንቸልና የጅብን ተረት ነበር። ጅብ ሰርግ ይጠራና፣ ሥጋ ሲያይ ዓይኑ እየፈጠጠ እንዳያዋርደው ወደ ጥንቸል ሄዶ፣ «እባክሽ የዓይንሽን ክዳን ለአንድ ቀን አውሽኝ፤ ጨዋ መስዬ ልዋል» ይላታል። ታውሰዋለች። እሱም በሰው ክዳን ዓይኑን ሰበር እያደረገ ሲበላ ይውልና ሳይመልስላት ይቀራል፤ ጥንቸል ይኸው እስከ ዛሬ ዓይኗን ገልጣ ትተኛለች። እማማ ውዴ ጅቡን ሲሆኑ ድምፃቸው ከደረታቸው ሥር ይጎረንን ነበር፤ ጥንቸሏን ሲሆኑ ደግሞ እናቴ እቃ ተበድረው ሳይመልሱላት ስትነጫነጭ የምታሰማውን ድምፅ ይመስላል፣ እናቴም ታውቀዋለች፤ ከማጀት ሆና «ሰምቻለሁ!» ትላለች።

ተረቱ መሃል ላይ ሲደርስ ድምፃቸውን ሳያቋርጡ ይነሱና በአልጋዎቹ መካከል እየዳበሱ ይዞራሉ። በሌባ ጣታቸው የእያንዳንዳችንን የዓይን ቆብ ይነካሉ። የነቃ ልጅ ዓይኑ ከጣታቸው ሥር ይርገበገባል፤ የተኛ ልጅ አይርገበገብም። ሁላችንም መተኛታችንን ሲያረጋግጡ፣ ጅብ ጉሮሮው ላይ አጥንት ቢቀረቀርበት እንኳ፣ ተረቱን እዚያው ያቆሙታል። ጣታቸው ሸካራ ነበር፣ ሲያርፍ ግን ዝንብ ያህል እንኳ አይከብድም። የሁለቱን ልጆቻቸውን ዓይን የከደኑትም በዚያው ጣት እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። ባውቅስ ኖሮ? እንጃ።

አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበር። አንድ የፋሲካ ሰሞን ከድንበር ማዶ፣ ከገላባት ገበያ፣ የዓመት ሕፃን የምታህል አሻንጉሊት ይዞልኝ መጣ። በሰፈራችን የነበረው አሻንጉሊት ሁሉ ከጨርቅና ከአገዳ የተሠራ፣ ዓይኑም በከሰል የተነጠበ ነበር። የኔዋ ግን ስትተኛ ዓይኗ ቀጭ ብሎ ይከደናል፤ ስትነሳ ቀጭ ብሎ ይገለጣል። እኔም አንድ ቀን እንኳ አልታገስኩም፤ ጭንቅላቷን ከአንገቷ ነቅዬ ውስጧን አየሁት። ሁለቱን ዓይኖች አንድ ሽቦ ያያይዛቸዋል፤ ከሽቦው ላይ ጥይት የሚሠራበት ዓይነት እርሳስ ተንጠልጥሏል። ስታጋድላት እርሳሱ ይወድቅና ዓይኖቿን ይስባቸዋል። ይኸው ነው። በጉልምስናዬ አንድ የቆየ መጽሔት ላይ የእንዲህ ያለውን ዓይን ሥዕል አገኘሁ። (ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ አስተማሪዬም ባለ ሱቁ።) ዓይኗ የሚከደነው ልጅቱ እሷን አይታ እንድትተኛ ነው ይላል ጽሑፉ። እኔ ግን ላለመተኛት ነው የተጠቀምኩባት።

እማማ ውዴ አሻንጉሊቷ የመጣች ቀን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። አስተኟት፣ አነሷት፣ ደግሞ አስተኟት። ቀጭታውን በጆሯቸው ተጠግተው ሰሙ። ጣታቸውን በቆቧ ላይ አሳለፉና «ይችስ ከኔ ትሻላለች፤ ስትነሳ ይነጋላታል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በራሳቸው ላይ ቀልደው ሰውን ማሳቅ ይወዱ ነበር፤ በራስ ቀልዶ ማሳቅና የሰው መሳቂያ መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከቤታችን ጎን የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ጄኔሬተር ተገዛለትና ማታ ማታ ደጁ ላይ አምፖል ይበራ ጀመር። ሳሉግ የምንላቸው ከጎጃምና ከወሎ ለሥራ የመጡት የጉልበት ሠራተኞች ከሥሩ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፤ የሰፈር ልጆችም እንደ እሳት ራት ይሰበሰባሉ። እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ፤ ተረት የሕፃናት ሆነብኝ። ማታ ከግቢ አትውጪ የሚለውን የእናቴን ትእዛዝ መጣስ ቀላል ነበር፤ እሷ ማጀት ናት። ችግሩ ያ ጣት ነው።

እና አሻንጉሊቷን በቦታዬ አስተኛኋት። ፀጉሯን በነጠላ ሸፍኜ ፊቷን ብቻ ገለጥ አደረግሁት። የግንቦት ሙቀት ስለሆነ ፕላስቲኩም እንደኔው ይሞቃል። እማማ ውዴ ሲዞሩ የዓይኗን ቆብ ይነካሉ፤ አይርገበገብም፤ «እሷስ ተኛች» ብለው ያልፋሉ። እኔ መብራት ሥር ነኝ። አልዋሸሁም እል ነበር ለራሴ፤ ማን ጠየቀኝ?

ሰኔ ገባ። አንድ ምሽት፣ ገና ከእራት እንደተነሳን፣ ደመናው እየጓጎረ ከመጣ በኋላ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ነፈሰ፤ የመጀመሪያው ዝናብ በትልልቅ ጠብታ ተንጠባጠበ። ቆላ ውስጥ ያደገ ሰው ያቺን ደቂቃ ያውቃታል፤ ዓመቱን ሙሉ የጋለ ነገር ሁሉ በአንዴ ይበርዳል። እኛ ልጆቹ አምፖሉ ሥር በዝናቡ እየዘለልን ነበር። ያኔ ከግቢያችን ጩኸት ሰማሁ።

«ኡኡ! ኧረ ድረሱልኝ! የሺ በረደችብኝ! የሺዬ በረደችብኝ!»

የሺ እኔ ነኝ።

ሠራተኞቹ ባትሪ ይዘው ሮጡ፤ እኔም ከኋላቸው። እማማ ውዴ ዝናቡ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው አሻንጉሊቷን በነጠላዬ እንደተጠቀለለች ደረታቸው ላይ አጥብቀዋታል። ቆቧን ሲነኩት ቀዝቅዞ ኖሯል፤ እንዲያ ያለ ቆብ ከዚህ በፊት ነክተው ያውቃሉ። ሲያነሷት ዓይኗ ቀጭ ማለቱን በነጎድጓዱና በራሳቸው ጩኸት አልሰሙትም። ክብደቷንም፣ ቁመቷንም፣ ምኑንም ማሰብ የሚችሉ ሰው አልነበሩም። ሙሾ ጀምረዋል። ስሜን እየጠሩ፣ ቆላን እየረገሙ፣ ሦስተኛ ልጅ ለምን ጨመርክበት እያሉ ፈጣሪን ይሞግታሉ። የባትሪው ብርሃን አረፈባቸው፤ አሻንጉሊቷ ከብብታቸው ሥር ሁለት ሰማያዊ ዓይኖቿን በልጥጣ እኛን ታየናለች።

በዚያች ሰዓት «አለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። አንድ ቃል። ምላሴ ግን ያኔም ይህችው ነበረች።

«እማማ ውዴ፣ ደረትዎን ከመምታትዎ በፊት ያስተኟት እንጂ! ዓይኗን ገልጣ እየታዘበችዎ ነው!»

ሳቁ የፈነዳው በአንድ ጊዜ ነው። አንዱ ጎጃሜ ሳቁ አላስቆም ብሎት ባትሪውን ጣለው። እማማ ውዴ ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው «የሺ? አለሽ?» አሉ። እኔ ሰው ስላሳቅሁ ኩራት ይዞኝ እየሳቅሁ ወደ እጃቸው አልተጠጋሁም። ያን ጊዜ ነው ጣታቸው ተመልሶ የታቀፉትን የዳበሰው፤ የናይለን ፀጉሯን፣ ደረቅ ጉንጯን፣ የተገለጠ ዓይኗን። ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጧትና ነጠላዬን ከላይዋ ገፈው ማጠፍ ጀመሩ።

እናቴ ከማጀት ደርሳ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝ። «የማትረቢ! ማን ሊያሳድግሽ ነው?» አለችና እሷም ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም ስቃለች።

በማግስቱ ነገሩ ገበያ ደረሰ። ሠራተኞቹ ቀን በእርሻ፣ ማታ በጠላ ቤት አወሩት። ለከንቱ ነገር የሚያማርር ሰው ሲገኝ «የውዴን ለቅሶ አታልቅስብኝ» ይባል ጀመር። ትልልቅ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ «እስኪ ምን ነበር ያልሻቸው?» ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። በየጊዜው እየጨመርኩ፣ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ። ያቺ ልጅ አፏ ሰይፍ ነው ተባለልኝ፤ ደስ አለኝ።

እማማ ውዴ አልተቆጡኝም። ማታ ተረት አልቀረም። ግን በአልጋዎቹ መሃል መዞራቸውን ተዉት። ከተቀመጡበት ሆነው «አለህ? አለሽ?» እያሉ ስም ይጠራሉ፤ የተኛው ዝም ይላል፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነስ ይላል። አሻንጉሊቷ ያን ምሽት ዝናብ ላይ ስላደረች ሽቦዋ ዝጎ ዓይኗ መከደን እምቢ አለ። ጣልኳት። እኔ ግን ብዙ ማታ ጨፍኜ እየጠበቅሁ፣ ያ ጣት መጥቶ ዓይኔን እንዲነካኝ እፈልግ ነበር። አልመጣም።

ይህ ብቻ ቢሆን የልጅ ነገር ነው ብዬ ራሴን በማርኩ።

በኅዳር የወባው ጊዜ መጣ። የጎረቤታችን ሴት የሁለት ዓመት ሴት ልጇ ሞተችባት። እማማ ውዴ በሰፈሩ ለሕፃን ለቅሶ የታወቁ ነበሩ፤ እሳቸው ሙሾ ካላወረዱ የእናት አንጀት አይወጣለትም ይባል ነበር። የዱላቸውን ጫፍ ይዤ የምመራቸው እኔ ነኝና አብረን ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ከእናቲቱ ጎን ተቀመጡ። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው ጀመሩ። ድምፃቸው ሲነሳ ሴቶቹ ሁሉ አጎነበሱ። ከዚያ፣ ሳያስቡት፣ ያችው ቃል ከአፋቸው ወጣች፦

«ኧረ በረደችብኝ፣ ኧረ በረደችብኝ…»

ከኋላ አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ጎኗ ያለችው አየቻትና እሷም ባሰባት። ሳቁ ድምፅ አልነበረውም፤ ግን አፍንጫ ለአፍንጫ እያለፈ ድንኳኑን ዞረው። ዓይን የሌለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከኛ ይበልጥ ይሰማል። እማማ ውዴ ቃሉን መሃል ላይ ቆረጡት። እናቲቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ አፋቸው አልተከፈተም።

ስንመለስ መንገዱን አጋምሰን ነበር።

«ከሳቁት አንዷ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አባቴ ይሙት አልሳቅሁም!»

እውነቴን ነበር። ያን ቀን አልሳቅሁም።

«እህ» አሉ። ጥቂት ሄድ ብለን፣ «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ሐዘን ልጋራ ሄጄ በለቅሶዋ ላይ ሰው አሳቅሁባት። ልጇን ቀብራ፣ ቤቷ ሲስቅባት… ምን ትለኝ ይሆን?»

«እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። «ቃሉን መሳቂያ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም» ማለት። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው፦

«በዚህ በኩል ይርገጡ፤ ጉድጓድ አለ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በማንም ለቅሶ ላይ ድምፃቸውን አላሰሙም። ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይመለሳሉ። አባቴ ሲሞት እንኳ እጄን ይዘው ዝም አሉ። እሳቸው ሲሞቱ እኔ ጮኼ አለቀስኩላቸው። «እንዴት አድርጋ አለቀሰች!» አሉ ሰዎች፤ ያም አሳፈረኝ።

አሁን አርባዎቹን እያገባደድኩ ነው። ባለፈው ሰሞን ከመናኸሪያው ባጃጅ ተሳፈርኩ፤ ሹፌሩ ስለ ነዳጅ የሚያማርር ጓደኛውን «የውዴን ለቅሶ አታልቅስብኝ ባክህ» አለው። ውዴ ማን ናት አልኩት። «እኔ እንጃ እማማ፤ ድሮ አሻንጉሊት የቀበረች እብድ ነበረች ይላሉ» አለኝ።

ልንገረው አልኩ። እውነቱን፣ ከነጥፋቴ። ከዝናቡ ጀመርኩለት፤ ከባትሪው፣ ከሰማያዊ ዓይኖቿ። ገና «ያስተኟት እንጂ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ልጁ መሪውን ለቆ ሳቀ፤ ጓደኛውም ጭኑን መታ። አልፈርድባቸውም። አነጋገሬ ነው የሚያስቀው። ያንን ነገር ስንት ጊዜ ላዝን ብዬ አውርቼዋለሁ፤ ሰው ሳይስቅልኝ የቀረ ጊዜ የለም፤ ምላሴ አንዴ በዚያ መንገድ ለምዳለች። የእማማ ውዴን ተረቶችም ለልጆቼ ተርቻለሁ፤ ግማሹን ረስቼ፣ ግማሹን አደባልቄ፤ እነሱም ስልካቸውን እያዩ ሰምተውኛል። ከተማው የያዘልኝ ከኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር የተወለደውን መሳለቂያ ብቻ ነው።

ይህን በጽሑፍ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ ድምፄ የለም።