ብረቱ የሱ፣ ቆዳው የኔ

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ በሰው አገር፣ ኢቶቢኮ ሳሎኔ ውስጥ፣ የወንድሜ ልጅ ሊያ ሶፋዬ ላይ ተጋድማ ጌም ስትጫወት ቆሜ አይቼ ደሜ ፈላ። ተዋጊዋን ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ብረት በብረት አድርጋዋለች። እግሩን እንኳ ቀለል አድርጊለት፣ የቆዳ ቦት አልብሺውና ይራመድበት ብላት፣ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል «አክስቴ፣ ሚክስ አይደረግም፤ ቦነሱ ይጠፋል» አለችኝ። አይደረግም! ይህ የሚነገረው ለኔ ነው እንግዲህ፣ ነገሩን በሽማግሌ ላስወሰንኩት ለኔ።

እኔና ወንድሜ ዳዊት ያደግነው ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ፣ ከጃማይካዎች ፀጉር ቤት በላይ ሦስተኛው ፎቅ ነው፤ የሙዚቃቸው ድምፅ ወለሉን አልፎ እግራችንን ይኮረኩረን ነበር፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ማሞቂያው ላይ የተሰጣው እርጥብ ካልሲ ሽታ ቤቱን ይሞላው ነበር። አባቴ ከሰው የገዛልን አሮጌ ጌም ከአንድ ተዋጊ በላይ ሴቭ አድርጎ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ሁለታችን በአንድ ሰው ላይ ወደቅንበት። በሦስት ዓመት ለሚበልጠኝ ለዳዊት ሰው ማለት ከባድ የብረት ጥሩር ለብሶ ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ቀላል ቆዳ ለብሶ፣ ኮቴው ሳይሰማ፣ በተኛ ጭራቅ አጠገብ ሹልክ የሚል ነበር የምወደው። ጌሙ ሙሉ ብረት ወይም ሙሉ ቆዳ ለለበሰ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል፣ ለቀላቀለ ግን ምንም። ፀጉር እስክንነጫጭ ስንጣላ እናቴ መረራትና ከሁለተኛው ፎቅ ጋሽ ታደሰን ጠራቻቸው።

ጋሽ ታደሰ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው የመጡ፣ በሥራ ቀን የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ እሁድ እሁድ የሰፈሩን ሐበሻ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። ለኛም ጉዳይ ሱፍና ክራባታቸውን አድርገው መጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ ተዋጊውን ብዙ ደቂቃ ትክ ብለው አዩትና ይሄ ሰውዬ ምን እንደሚሠራ፣ መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ ጠላቶቹስ እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ጠየቁን። ቀጥሎ ዋስ አስጠሩን፤ እኔ እናቴን፣ ዳዊት አባታችንን ጠራ። ከዚያ ፈረዱ።

«ራሱና ደረቱ የዳዊት ነው፣ ብረት ይልበስ። እጁና እግሩ የእህትየው ነው፣ ቆዳ ይልበስ። ይህን ያፈረሰ እኔን ደፈረ።»

ሲዋጋ መጫወቻውን ዳዊት ይይዛል፣ ሲሄድ እኔ። አለባበሱማ መሳቂያ ነበር፤ ብረቱ ከብዶት ያለከልካል፣ ቆዳዋን ደግሞ ፍላጻ ይበሳታል፣ በቀን አስር ጊዜ ይሞታል፣ እኛም በሳቅ እንሞታለን። አንድ እሁድ ከተኛ ጭራቅ ራስጌ ጥቁር የቆዳ ቦት ሰርቄ ያወጣሁለት ግን እኔ ነኝ፤ ከጠዋት እስከ ምሳ የፈጀ ሥራ ነበር፣ ዳዊት ትንፋሹን ውጦ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነበር። በዚያ ክረምት እንደሱ የምወደው ሰው አልነበረም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ልማር ሄጄ ስመለስ ምን ልይ! ዳዊት የትምህርት ቤት ጓደኛው መጥቶ በአለባበሱ ስለሳቀበት ብቻ፣ ቦቴንም ጓንቴንም ጌሙ ውስጥ ላለው ነጋዴ ሸጦ፣ ሰውየውን ሙሉ ብረት አልብሶ፣ የመጨረሻውን ዘንዶ ገድሎ፣ የድሮውን ሰው አጥፍቶ በላዩ ላይ ሴቭ አድርጎ ይጨፍራል። ያለኔ! አባቴ ደግሞ፣ ዋስ የሆነው አባቴ፣ ጨዋታ አይደል ወይ ብሎ ሳቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የተቆጡልኝ ጋሽ ታደሰ ብቻ ናቸው፤ ሱፋቸውን ለብሰው እንደገና ወጡ፣ ቁጭ በሉ ቢባሉም እምቢ አሉ፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ አባቴን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል ነበር በኛ ጊዜ» ብለውት ወረዱ።

ዛሬ ጋሽ ታደሰም የሉም፣ ዋሶቹም አርፈዋል፣ ፀጉር ቤቱም ተዘግቷል። ፍርዱን የሰማን የቀረነው እኔና ዳዊት ብቻ ነን፤ ይቅርታ ደግሞ አንድ ቀን ይመጣል ብዬ፣ ሞኝ ነኝ፣ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ቅዳሜ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ቲቪውን አሳየሁት፣ ይሄ አለባበስ ምን ያስታውስሃል አልኩት። ፊቱ በራ። ያን ጌም እንዴት ይረሳዋል፣ ሙሉ ብረት አልብሶ ዘንዶውን የገደለበትን ቀን ለሊያ በእጁ እያሳየ ተረከላት። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ተንኮል በሌለው ፊት፣ «አንቺም ትጫወቺ ነበር እንዴ?» አለኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ እኔ ግን እንደዚህ አድርጎ የሚረሳ አይቼ አላውቅም። ሊያ ጨዋታውን አቁማ ሁለታችንን ታየናለች።

«እግሩ እኔ ነበርኩ» አልኩት።