ወንድሜ አልሸሸም

ንፋስ መውጫ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የቴአትር ማኅበራችንን መሪ የምንመርጠው እኛ ተዋንያኑ አልነበርንም። ልምምዳችንን እየመጣ የሚያየው የሰፈሩ ሰው ነበር። ያን ዓመት አንዲት በርበሬ ነጋዴ መረጡብን። መረጡብን የምለው ያኔ እንደዚያ ስለተሰማኝ ነው። እትዬ የምንላቸው እኚህ ሴት ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ ኮሌጅ ቴአትር ተምሬ የመጣሁ ደራሲና አዘጋጅ ነበርኩ። የሳቸውን ፈቃድ መጠየቅ ያንገበግበኝ ነበር።

አዲሱ ቴአትሬ በእርሻ ድንበር ጠብ ስለተገደለ ገበሬ ነው። ታሪኩን ከወገዳ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰማሁት። ቦታውን ቀየርኩና ማንም አያውቀውም አልኩ። መጨረሻው ላይ ገበሬው ጠላቶቹን አይቶ ሲሸሽ ከኋላው ይመታል። ሽሽቱን የጨመርኩት ለመድረክ ያምራል ብዬ ነው።

እንደ ልማዳችን ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ልምምዱን ለሰፈሩ ሰው አሳየን። ተዋናዩ ሮጦ ሲወድቅ አንድ ጎልማሳ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ዱላውን እንደጨበጠ ወደ መድረኩ መጣ።

«ማነው ይህን የጻፈ?»

መጋረጃው አጠገብ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩና ዱላውን ሳይ ወደ መጋረጃው ኋላ ተሳብኩ። ሁለት ወጣቶች ሰውየውን ሊይዙት ተነሡ።

«ተቀመጡ!» አሏቸው እትዬ። ቀጥ ብለው ሄደው ዱላው ሊያገኛቸው ከሚችልበት ቦታ ቆሙ። «ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ያስጻፍነውም እኛው ነን። የቱ ላይ ነው የዋሸነው?»

«ወንድሜ ነው ይሄ። ወንድሜ አልሸሸም!»

«እንግዲያው መድረኩ ይኸው። እንዴት እንደነበር ያሳዩን።»

አብደዋል አልኩ በልቤ። ሰውየው መድረኩ ላይ ወጣ። ተዋናዩን ትከሻውን ይዞ አዞረው።

«እንዲህ ነበር የቆመ። ገዳዮቹ ሲመጡበት የማረሻውን እርፍ አልለቀቀም። ይቺን ትልም ልጨርስና እንነጋገር ነው ያላቸው።» የተዋናዩን ትከሻ ለቀቀ። «የሸሸሁት እኔ ነኝ። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቄ ነው ያየሁት።»

እትዬ ቀስ ብለው፣ «ይህንንም እናሳየው ወይስ ይቅር?» ሲሉ ጠየቁት።

«የሱን ብቻ አሳዩ። የኔን ተዉልኝ።»

እትዬ ሕዝቡን ዞረው አዩ፤ ሁሉም እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነው እግሬ የታዘዘልኝ። ወጥቼ ሰውየው ፊት ቆምኩ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽሽቱን ከራሴ ነው የጨመርኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አየኝ። ወርዶ በሩን ከፍቶ ሄደ።

መጨረሻውን እንደ ነገረን አድርጌ እንደገና ጻፍኩት፤ እያንዳንዱን ገጽ ለእትዬ እያነበብኩ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ስናሳይ ሰውየውን ከሕዝቡ መሀል አየሁት። ተዋናዩ «ይቺን ትልም ልጨርስ» ሲል ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ፤ እስኪያልቅ ግን ከቦታው አልተነሣም።