ላንጋኖ ለጉልበት

ላንጋኖን የማይወዱ ሰዎች ሰበባቸው አንድ ነው፤ ውሃው ቡናማ ነው ይላሉ። ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ የባሕር ዳርቻ ማለት በስልክ የሚታይ ሰማያዊ ነገር የሚመስላቸው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ናቸው። እኔ በዚህ ጉዳይ ትዕግሥት የለኝም። አዎ፣ ሻይ በወተት ይመስላል። እስከ ወገባችሁ ገብታችሁ እግራችሁን ብትፈልጉ አታዩትም። ግን ባሕር በሌለው አገር እንዲህ ያለ አሸዋ፣ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ውሃ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የምር ማዕበል የሚያመጣ ሐይቅ አግኝቶ በቀለሙ መጣላት ጥጋብ ነው።

ደግሞ እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ስለ ላንጋኖ አፋችንን ሞልተን ብንናገር ያምርብናል። ከተማው ፋብሪካውን፣ መጋዘኑንና የከባድ መኪናውን ጭስ ለእኛ ሲያድለን መውጫውንም ደጃችን ላይ ትቶልናል። የሰሜኑ ሰፈር ሰው ገና ከተማውን ለማቋረጥ ሲታገል፣ እኛ ከገላን ኮንዶሚኒየም ወርደን፣ የክፍያውን መንገድ ይዘን ሞጆ ደርሰናል። በሥራ ቀን ወደ መሃል ከተማ ለመግባት በሰልፍና በግፊያ የማጠፋውን ሰዓት ሳስበው፣ ወደ ደቡብ ዞር ያልኩ ቀን ዕድሜ የተጨመረልኝ ያህል ይሰማኛል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጎህ ሲቀድ ውጡ። ከባድ መኪኖቹ ሳይነሡ ታልፋላችሁ፣ ከዛፍ ሥር ያለውንም ጥላ ከሌላው ቀድማችሁ ትይዛላችሁ። ከዋዜማው ስለ መንገዱ ደህንነት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። በበዓል ሰሞን አትሂዱ፤ ከየአቅጣጫው የሚለቀቀው ሙዚቃ ራስ ያዞራል። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትግቡ፣ ነጭ ፎጣም አትያዙ፤ ቤት ገብታችሁ ስታጥቡት የምታማርሩት እኔን ነው። ዋና ለማይችል ሰው ጠዋት ይሻላል፤ ያኔ ሐይቁ ገና አልነቃም። ቀትር ላይ ጫማ ሳታደርጉ አትነሡ፤ አሸዋው ያንገበግባል። የሚጠጣ ውሃ ይበቃል ካላችሁት በላይ ያዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ግቡ። ፎቶ ሲያነሡ ውለው ደረቅ እንደሆኑ የሚመለሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ እስካሁን አልገባኝም።

ላንጋኖን ያሳየኝ አባቴ ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር፤ ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ በአውቶቡስ ይወስድ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ልማዱን አልተወም። ዋና የተማረው በልጅነቱ በአቃቂ ወንዝ ነው፤ ዛሬ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ወንዝ ያኔ ይዋኝበት ነበር ብሎ ሲያወራ ሁላችንም እንስቅበት ነበር። ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰውዬ ይጠፋና ሌላ ሰው ይወጣ ነበር። በጀርባው ተንሳፍፎ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ እኛን በስም በስማችን ይጠራን ነበር። አባቴን በጣም የምወደው እዚያ ነበር።

ከሞተ በኋላ እናቴ ከል ለበሰች፤ ሙት ዓመቱ ወጥቶም አላወለቀችም። ዘመዶች ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ለመኗት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ከቤት የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሐዘን ነው ብዬ ዝም አልኩ። እየቆየ ሲሄድ ግን ፈራሁ፤ እናቴ ከአባቴ ጋር አብራ የተቀበረች መሰለኝ። በቴሌቪዥን የሚያስቅ ነገር ሲመጣ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። ላንጋኖ እንሂድ ብዬ በጠየቅኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፤ «ባሏን ቀብራ ሽርሽር ወጣች ልባል ነው?»

ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር በኮንዶሚኒየም ውስጥ ቀልድ አይደለም። ደረጃው አንድ ነው፤ ማን መቼ ወጣ፣ ምን ለብሶ ገባ፣ ሁሉም ይታያል። የብሎካችን ሴቶች ክፉዎች አይደሉም። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አብረውን ያደሩት እነሱ ናቸው። ለዚህም ነው እናቴ የምትፈራቸው፤ አብሯት ያለቀሰ ሰው ስትስቅ እንዲያያት አትፈልግም።

መላው የመጣው ከምድር ቤቱ ጎረቤታችን ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በከባድ መኪና በሞያሌ መንገድ ሲመላለስ ኖሮ አሁን የራሱን ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ እናቴ ስለ ጉልበቷ ስታማርር ሰማት። ለጉልበት አሸዋ ላይ መራመድና ውሃ ውስጥ መቆም ጥሩ ነው አላትና እኔን በዓይኑ ጠቀስ አደረገኝ። እናቴ ትንሽ አሰበች። እንደ ፍልውሃ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ጎረቤታችንም ሳይዋሽ፣ ያም ውሃ ነው አላት።

ላንጋኖ ፍልውሃ አለመሆኑን እናቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ያን ሁሉ ዓመት ዳር ዳሩን ስትሄድበት ኖራለች። ግን ሕክምና ሽርሽር አይደለም፤ ለሕክምና የወጣችን ባል የሞተባት ሴት የሚያማ የለም። በማግሥቱ ለጉልበቴ ውሃ ልገባ ነው ብላ ከላይ እስከ ታች ለደረጃው ሁሉ ነገረች። ነገሩ ከእጃችን የወጣው ያኔ ነው። አንዷ ጎረቤት ጉልበቷን የሚያማት እህት አለቻት፤ አንዷ ራሷ ታማለች። በምንሄድበት ጠዋት ሁለቱም ቢጫ ጄሪካን ይዘው ሚኒባሱ አጠገብ ቆመው ጠበቁን፤ የሚያድነውን ውሃ እንድናመጣላቸው። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ኋላ ወንበር ገባሁ። ጎረቤታችን ጄሪካኖቹን በአክብሮት ተቀብሎ ጫናቸው።

እናቴ የፍልውሃን ሥርዓት አንድም ሳታስቀር ነበር የተነሣችው። ምግብ አልቀመሰችም። ሁለት ጋቢ ይዛለች፣ ከውሃው ስትወጣ ነፋስ እንዳይመታት። ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ ገብቼ ሦስት ጊዜ እወጣለሁ፣ እስክጨርስ ማንም እንዳያነጋግረኝ ብላ አዘዘችን። መቂን ስናልፍ በመንገዱ ዳር የተከመረውን ሽንኩርትና ቲማቲም ሳሳያት እንኳ ዞር አላለችም።

ስንደርስ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ በነጠላዋ ወገቧን ታጥቃ፣ እጄን ይዛ ገባች። እዚያ ውሃ ውስጥ ስትገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው። ውሃው ሲነካት ትንፋሿን ሰበሰበች፤ መቼስ ፍልውሃ አይደለም። ጉልበቷ ድረስ ገብታ ቆመች፣ ወጣች፣ በሁለቱም ጋቢ ተጠቀለለች። ፀሐዩ ገና እየጠነከረ ስለነበር ላብ አጠመቃት። ሁለተኛውን ወገቧ ድረስ ገባች። ሦስተኛውን ስትገባ ነፋሱ ያን ቀን ሰዓቱን ቀድሞ በረፋዱ ጀመረ፤ እኔም ይበቃል እንውጣ አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ሥርዓቱ ነው ብዬ ተውኳት።

ከዚያ አንድ ማዕበል መጥቶ ከኋላዋ ገፋት። ሁለታችንም ቁጭ አልን። ውሃው እስከ አንገታችን ነበር። ደንግጬ ላነሣት ስሞክር እናቴ ሳቀች። ከት ብላ ሳቀች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘችና ማን እንዳያት ለማወቅ ወደ ዳርቻው ዞረች። ጎረቤታችን ብቻ ነበር፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶን የመኪናውን መስታወት መወልወል ጀምሮ ነበር፤ ንጹሕ መስታወት።

ማንም አላየሽም አልኳት። እናቴ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

«አባትሽ ቢያይ ደስ ይለው ነበር» አለች። «ሁልጊዜ ነይ ግቢ ይለኝ ነበር። ዕቃውን ማን ይጠብቃል እለው ነበር። እኔ ምን ዕቃ ነበረኝ? አንድ ድስትና የእናንተ ጫማ።»

አለቀስኩ፤ አልዋሽም። እሷ አላለቀሰችም። ሌላ ማዕበል መጣ፣ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና እንዲገፋን ጠበቀችው። ስንት ጊዜ እንደተገፋን አላውቅም፤ ሦስት የሚለውን ነገር ሁለታችንም ትተነው ነበር። ረሃቧ ሲጠናባት ነው የወጣነው።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ መቀየሪያ አድርጋ ያመጣችውን ሌላኛውን ጥቁር ቀሚስ ዘርግቼ ያዝኩላት። አየችው። ከዚያ የእኔ ትርፍ ልብስ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። የያዝኩት አበባ አበባ ያለበት፣ ለእሷ ረዘም የሚል ቀሚስ ነበር። ያለ ምንም ወሬ ለበሰችውና ጫፉን ሰብስባ ወጣች። ጎረቤታችን አያትና «ያምርብዎታል እናቴ» ብሎ በሩን ከፈተላት። ጄሪካኖቹን ሊሞላ ሲያነሣቸው ግን እናቴ አይሆንም አለችው። የሰው ሸክም ለምን እናበዛለን፣ ባዶዋቸውን እንመልሳቸው አለች። እኔ ለሴቶቹ ምን እንደምትላቸው እየጨነቀኝ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

ስትመለሱ ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ ላይ ቆማችሁ አሳ ብሉ። ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው። ሙሉው አሳ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ተጠብሶ ሲመጣ፣ ሚጥሚጣ ነካ እያደረጋችሁ በእጃችሁ፣ አጥንቱን እየጠበቃችሁ ብሉ። እኛና ጎረቤታችን ድግስ ስንጠራራ እንኳ እሱ የኛን ሥጋ አይበላም፣ እኛም የነሱን አንበላም፤ አብረን ዳቦ ቆርሰን ሻይ ጠጥተን እንለያያለን። አሳ ላይ ግን የክርስቲያን፣ የእስላም የሚባል ነገር የለም። ያን ቀን ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። እናቴ ሲያልቅ ሌላ አዘዘች። ለጎረቤታችን አጥንት እየለየች ስታጎርሰው አሳው ቀረና እሷን ሳይ ዋልኩ።

ገላን ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ሴቶቹም ከደረጃው ሥር ተቀምጠው ነበር። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከጋቢና ስትወርድ ወሬያቸው ቆመ። ማንም ጄሪካን አልጠየቀም። ሁሉም የሚያዩት ቀሚሱን ነው። እኔ በሆዴ አሁን ትደነግጣለች፣ ነገ ከሉን መልሳ ትለብሳለች ብዬ ክንዷን ልይዛት ተጠጋሁ። ከመካከላቸው በዕድሜ የምትበልጠዋ ሴትዮ ቀስ ብላ ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት።

እናቴ ክንዷን ከእጄ አወጣች።

«ጉልበቴ እንደነበረው ነው» አለቻት። «ደስ ብሎኝ ውዬ መጣሁ።»

ሴትዮዋ ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻት፣ ከዚያም ቦታ ለቃ አጠገቧ አስቀመጠቻት።