የሰረቅኩት ጥያቄ

የተወቀጠ የባትሪ ድንጋይ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ሲለወስ የሚሸተው ሽታ እስከዛሬ ድንገት ይመጣብኛል። አባቴ መስከረም በጠባ ቁጥር ያለቁ ባትሪዎች ሰብስቦ፣ ሰባብሮ፣ ጥቁሩን ወቅጦና ለውሶ የቤታችንን የጓሮ ግድግዳ ይቀባ ነበር፤ ያ ግድግዳ ሰሌዳችን ነበር። ዲላ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ እሁድ ጠዋት ባዶ ሲሆንበት፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይችል ሰው ስለነበር፣ የሰፈሩን ልጆች ጓሯችን ሰብስቦ ስለ ሳይንስና ስለ ጥንት ሰዎች ያጫውተን ጀመር።

ማጫወት ስል በእውነትም ማጫወት ነው። ሻማ አብርቶ ብርጭቆ ይደፋበትና እሳቱ ሲጠፋ «ምን አጥቶ ሞተ?» እያለ ያፋጥጠን ነበር። አንዳችንን ነጋዴ፣ አንዳችንን ቀራጭ፣ ትንሿን እህቴን ደግሞ በቅሎ አድርጎ፣ ድሮ ጨው እኛ አገር እንዴት ይደርስ እንደነበር ያሳየን ነበር። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፦ እሱ ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ፣ በብስክሌቱ ኋላ ተቀምጦ አብሮት መልስ ፍለጋ ይሄዳል።

ነገር የመጣው ከዚህ ደንብ ነው። ከመሀል አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ራህመት የምትባል እኩያዬ የሆነች ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷ ጥያቄ አያልቅባትም ነበር። ቀይ ቡና በሚለቀምበት በኅዳር «ጋሼ፣ ባንድ ዛፍ በቅሎ ለምንድነው አንዱ ቡና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ አንዱ የሚሰምጠው?» አለችው። አባቴ ጭንቅላቱን አክኮ አክኮ፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው «አላውቅም!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ «የኔ ሊቅ» አላትና ወደ ቡና ማጠቢያው ይዟት ሄደ። እኔ የገዛ ሴት ልጁ፣ እሱ በስሜ ብቻ የሚጠራኝ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ ጀርባዋን አየሁ። ቀናሁ። ምሳ እንኳ አልበላ አለኝ። ስትመለስ ያየችውን ሁሉ ልትነግረኝ ሮጣ መጣች፤ እኔም ያልሰማሁ መስዬ አንድ ሳይቀር ሰማኋት።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ጥያቄ ሳምጥ ከረምኩ። የኔ ጥያቄ ግን ሁሉ እሱ የሚያውቀው ሆነ፤ ሳልጨርስ ይመልስልኝና ወደ ራህመት ዞር ይል ነበር። በየካቲት ቀበሌ ስኳር ልንወስድ ተሰልፈን ሳለ፣ ራህመት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለማንም እንዳትነግሪ፣ እሁድ ምን እንደምጠይቀው ልንገርሽ» አለችኝ። በወናጎ በኩል ስላሉት ትክል ድንጋዮች ነበር።

እሁድ ጠዋት አባቴ ገና ሳይቀመጥ እጄን አወጣሁ። «ትክል ድንጋዮቹን ያቆሙት ሰዎች ምን ይበሉ ነበር?»

ራህመት አፏን ከፍታ አየችኝ። አባቴ ግን ሁለት እጁን አጨብጭቦ «እግዜር ያሳያችሁ፣ አላውቅም!» አለና ከብስክሌቱ ኋላ ካለው ብረት ላይ ከረጢት አጥፎ አስቀመጠኝ። ዳገቱን እሱ እየገፋ፣ እኔ ጎን ጎኑን እየሮጥኩ፣ ቁልቁለቱን አብረን እየበረርን ሄድን። ድንጋዮቹ ቁመታቸው ከአባቴ ይበልጥ ነበር። አጠገባቸው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አባቴ ጥያቄዬን በጌዴኦኛ ሲነግራቸው ስቀው ወደ ጓሯቸው ጠቆሙን።

«የሚበሉትንማ ትተውልን ሄደዋል፤ ዞር ብለህ እይ መምህር። እንሰት ሲቆረጥ ከሥሩ ልጆቹን ትቶ ነው የሚሄደው። ይኼ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።»

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንዴ ድንጋዩን አንዴ እንሰቱን እያየ ብዙ ቆመ። ስንመለስ፣ ጀርባውን አቅፌ ተቀምጬ ሳለ «ለመሆኑ ይኼን እንዴት አሰብሽው?» አለኝ።

«ርቦኝ ነበር» አልኩት።

ዲላ እስክንገባ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ ያን ያህል የተመኘሁት መንገድም አልጣመኝም።

ራህመት በራችን ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ትጣላኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን አባቴ ብስክሌቱን እስኪያስገባ ታግሳ «እና ምን ይበሉ ነበር?» አለችኝ። ለብስክሌቱ ደንታም አልነበራት፤ መልሱን ብቻ ነበር የፈለገችው። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«አላገኘንም» አልኳት።

ዝናቡ ሲገባ ጓሮው ጭቃ ሆኖ ትምህርቱ ወደ በረንዳ ዞረ፤ ራህመት መጠየቋን ቀጠለች፣ እኔ ተውኩት። ኋላ እኔ ዲላን ለቀቅኩ፣ እሷ አግብታ የአባቷን ሱቅ ያዘች፣ ያቺ ውሸት ግን አብራኝ ኖረች። አምና አባቴን የቀበርን ሰሞን ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንግዳው ቀለል ሲልልን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽማግሌውን፣ እንሰቱን፣ መዋሸቴን።

«አውቃለሁ እኮ» አለችኝ ነጠላዋን እየሳበች። «ያን ጠዋት አፌን ከፍቼ ሳይሽ አይተውኝ ኖሮ፣ በማግስቱ አባትሽ ሱቅ መጥተው ‹ጥያቄሽ ሄዶ መልስ ይዞልሽ መጥቷል› ብለው ሁሉን ነገሩኝ። ‹ማወቄን እንዳትነግሪያት፣ ታፍርብኛለች› አሉኝ። ይኸው እስከዛሬ አልነገርኩሽም።»

ቅልል ሊለኝ፣ ወይ ይቅርታ ልላት ሲገባ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት እንደገና ቀናሁባት። ያኔ የቀናሁት አንድ ጠዋት አባቴን ስለወሰደችብኝ ነበር፤ አሁን ግን እሱ ከአፈር ገብቶ፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ቃሉን ይህን ሁሉ ዘመን ይዛው በመኖሯ ቀናሁ። ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

«ሌላስ ምን ነገረሽ?»