ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ የሚያቅለሸልሻት ሴትዮ

ፋብሪካው ውስጥ «ኤጭ» ነው የሚሏት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስልም። ሁሉ ነገር ይቀፋታል፤ የማስቲሹ ሽታ፣ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ፣ ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ የእህቷ ባል። ምን ታድርግ እናንተዬ፣ አለቃዋ እሱ ነው! ንፍጡን በጣቱ ይናፈጥና በዚያው ጣት የማሽኑን ቁልፍ ይነካካል። እፍፍ!

ሥራው የበር ገበታ ማምረት ነው። ሁለት ስስ ቆርቆሮ ከላይና ከታች እየሮጠ ይመጣል፤ መሃላቸው ማስቲሽ የጠጣ ስፖንጅ አለ። ሁለቱ ቆርቆሮ አብረው ከተወዛወዙ ግድ የለም፣ ስፖንጁም አብሯቸው እሹሩሩ ይላል። ፍጥነቱ ሲበዛ ግን እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ይሆናሉ፤ ይሄኛው ወደ ላይ ሲል ያኛው ወደ ታች። መሃል የገባው ስፖንጅ ይጎተታል፣ ይጨመቃል፣ በመጨረሻም ይላቀቃል። ይሄን ዓይን ሳያየው የኤጭ ሆድ ያውቀዋል። ወለሉ በእግሯ ሽቅብ ይነዝራታል፣ አፏ ምራቅ ይሞላል፣ ሮጣ ቀዩን ቁልፍ ተጭና ታቆመዋለች።

አማችየው ሰለቸው። «ሁለተኛ ካቆምሽው ነገ እንዳትመጪ!» አላት። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጅ ያላት ሴት ወዴት ትሂድ?

ታዲያ የፋብሪካው ባለቤት ሊጎበኝ የመጣ ዕለት፣ አማችየው ለመታየት ብሎ ማሽኑን አስጋለበው። ኤጭ ምራቋን ዋጠች። ደግማ ዋጠች። ስፖንጁን ማስቲሽ የምትቀባው ሠራተኛ ደግሞ ከሚገረፈው ቆርቆሮ አንድ ክንድ እንኳ አትርቅም። ኤጭ በቃ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ ባለቤቱ።

«ሲፈጥን ይላቀቃል ጌታዬ፣ ይዩት» አለች።

ባለቤቱ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ቢነካው እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጠ። ማስቲሹ እንደ መግል ተንጠባጠበ። «ማነው ያፈጠነው?»

«እሷ ናት!» አይልም መሰላችሁ የእህቷ ባል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ኤጭ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ቃል አይደለም፣ ቁርሷ ነው። አማችየው ጫማ ላይ!

ባለቤቱ ወደ ኋላ ዘለለ። ይሄኔ ማስቲሽ ቀቢዋ፣ ያቺ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ፣ «ኧረ እሱ ነው! በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» ብላ ፍርጥ አደረገችው። እሱ ወደ መጋዘን ተዛወረ፣ ኤጭ ቦታዋ ላይ ቀረች።

እሑድ ታላቅ እህቷ እየተንጨረጨረች መጣች። «ባሌን በሰው ፊት ታስመልሺበት? አታፍሪም አንቺ?»

«አፍራለሁ እንጂ እትዬ» አለች ኤጭ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ዋጥ ሳደርገው ኖሬ፣ ጫማው ላይ ብቻ መድረሴ ያሳፍራል።»