ከሰባቱ ሦስቱ

ሰሞኑን ቢሮ የበዓል ተረኛ በዕጣ ይለይ ተባለና ካርቶን ውስጥ እጄን ሰደድኩ። የተጠቀለለችው ወረቀት ጣቴን ስትነካ የድሮው ዕጣ ትዝ አለኝ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የነበረው ግቢያችን ሊፈርስ ሲል ስምንት ቤተሰብ ነበርን። ዛሬ በታክሲ ሳልፍ ቦታውን መለየት እንኳ ያቅተኛል። ምትክ ቤቶቹ አራቱ በምሥራቅ፣ አራቱ በምዕራብ፣ ከተማው ጫፍና ጫፍ ላይ ነበሩ፤ የሚደርሰን በዕጣ ነው። እናቴና በአንድ ጭቃ ግድግዳ የምንዋሰናት የወሎዋ ጎረቤታችን ጭንቀታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እንዳይለያዩ። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ሒሳብ ይችላል የሚል ስም ወጥቶልኛል።

«እስቲ አስላልን፤ ግማሽ በግማሽ ነው አይደል?» አለች እናቴ።

«አይደለም እማዬ። ያንቺ ወረቀት አንዴ ከወጣ አይመለስም። ካንቺ ጋር የሚያገናኟት ሦስት፣ የሚለዩዋችሁ ግን አራት ይቀራሉ። ከሰባት ሦስት ነው።»

«ወላሂ፣ አንዷን ማን በላት?» አለች ጎረቤታችን። ሳቅን።

ዕጣው የወጣው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። ከታች ዶዘሩ ያጓራል፤ የፈረሰ ጭቃ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እናቴ ቀድማ ምሥራቅ አወጣች። ቀጣዩ ጡረተኛው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ወሎዋን እየጠቆሙ፣ «እሷ ትቅደም፤ ሌላው ሳይወስድባት» አሉ። ሌሎቹም ተራቸውን ለቀቁላት። ቀደመችም ዘገየችም ዕድሏ ያው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያን ሁሉ ደግነት በሒሳብ ማን ይነካል?

ወሎዋ አንዷን አወጣችና ሳትፈታ ሰጠችኝ። «አንብብልኝ ልጄ፤ እኔ አልደፍርም።»

«ምዕራብ» አልኩ።

«አብሽሪ፣ ታክሲ አለ» አለቻት እናቴን፤ እናቴ ግን በነጠላዋ አፏን ያዘች። በኋላ ጡረተኛው ምሥራቅ ደረሳቸውና እንቀያየር ቢሉም፣ የተመዘገበ አይለወጥም ተባለ።

አዲሱ ቤት በገባን ማግስት እናቴን የጠዋት ኪዳን አመለጣት። እኔ ሁልጊዜ በራሷ የምትነሳ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጎረቤታችን ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ ግድግዳውን እየደበደበች ስትቀሰቅሳት ኖራለች።

ማታ እናቴ ስልኳን ይዛ መጣች። «ደወል ሙላልኝ።»

«ለስንት ሰዓት?»

ትንሽ አሰበች። «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፤ እሷ በምትነሳበት አድርገው።»